ትዳር ያገናኛል የሚባለው የኢዙሞ መቅደስ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በምዕራብ ጃፓን፣ በሺማኔ ግዛት የሚገኘውና ሰውን ከሰው ያስተሳስራል ተብሎ የሚታመነውን ኢዙሞ ታይሻ የተሰኘ የሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) መቅደስ በሚመለከት በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ከእጮኛዬ ጋር ወደ ጃፓን ለመጓዝ እየተዘጋጀን ነው። እርሷ ትዳርን የሚባርክ የታወቀ መቅደስ እንዳለ ከሰማች ወዲህ ሳናየው እንዳንመለስ አጥብቃ አሳስባኛለች። ይሁን እንጂ የጠየቅነው ሰው ሁሉ የተለያየ ስም ይጠራልናል፤ አንዱ ቶኪዮ፣ አንዱ ኪዮቶ፣ ሌላው ደግሞ ኢዙሞ ይለናል። የትኛው ይሻለናል? አንድ መቅደስስ ከሌላው ተለይቶ የፍቅር መቅደስ የሚባለው በምን ምክንያት ነው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የጠየቋቸው ሰዎች አንዳቸውም አላሳሳቱዎትም። ቶኪዮ ዳይጂንጉ በ1880 የተመሠረተ ሲሆን፣ ዝናውን ያገኘው ዛሬ በመላው ጃፓን የሚታወቀውን የሺንቶ የጋብቻ ሥርዓት ለተራው ሕዝብ በማዳረሱ ነው፤ ያ ሥርዓት መልክ የያዘው አልጋ ወራሹ ዮሺሂቶ በ1900 በቤተ መንግሥቱ መቅደስ ከተጋቡ በኋላ ነበር። በኪዮቶ ከኪዮሚዙ ገዳም ጎን የሚገኘው ጂሹ ደግሞ በሁለት ድንጋዮቹ ይታወቃል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከአንደኛው ተነሥቶ ሌላኛው ጋ ሳይስት የደረሰ ሰው ፍቅሩ ይሠምርለታል ይባላል። ጂሹ ከኦገስት 2022 ጀምሮ ለእድሳት የተዘጋ በመሆኑ፣ ኪዮቶን ከመረጣችሁ መከፈት አለመከፈቱን አስቀድማችሁ ማረጋገጥ አለባችሁ። ከጉዟችሁ ሁለት ቀን ማትረፍ የምትችሉ ከሆነ ግን የእኛ ምክር ያለ ማመንታት ኢዙሞ ነው። ጂሹ ራሱ በዋናነት የሚያከብረው የኢዙሞውን አምላክ ኦኩኒኑሺን ስለሆነ፣ የሚቻል ከሆነ ወደ ዋናው መሄዱ ይመረጣል።

ኦኩኒኑሺ ማን ነው የሚለውን በ712 የተጠናቀረው ኮጂኪ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ይተርካል። ከብዙ ወንድሞቹ ጋር ያጋሚ የተባለችውን ልዕልት ለማጨት ወደ ኢናባ ምድር ሲጓዝ፣ ወንድሞቹ ጓዛቸውን ሁሉ በእርሱ ጫንቃ ጭነው ቀድመውት ሄዱ። በመንገዳቸውም ቆዳዋ ተገፎ የምታለቅስ ጥንቸል አግኝተው፣ በባሕር ውሃ ታጠቢና ነፋስ ላይ ተኚ ብለው ተሣለቁባት፤ ጨውና ነፋሱም ቁስሏን አባሰባት። ከኋላ የደረሰው ጓዝ ተሸካሚ ግን በወንዝ ውሃ እንድትታጠብና ፊላ በሚሉት የውሃ ዳር ተክል ብናኝ ላይ እንድትንከባለል መከራት፤ ዳነችም። እርሷም በአጸፋው ልዕልቲቱ የምትመርጠው እርሱን እንደሆነ ተነበየችለት፤ እንደ ቃሏም ሆነ። በመቅደሱ ቅጥር ውስጥ በየጥጋጥጉ ቆመው፣ ተቀምጠው ወይም ሰግደው የምታዩአቸው የጥንቸል ሐውልቶች ከዚሁ ታሪክ የመጡ ናቸው።

ታሪኩ ውብ ቢሆንም መቅደሱ ሰዎችን ያገናኛል ለሚለው እምነት ዋናው መሠረት ሌላ ነው። በ720 የተጠናቀቀው ኒሆን ሾኪ እንደሚለው፣ ኦኩኒኑሺ ያቀናውን ምድር ለፀሐይ አምላኳ ለአማተራሱ ዘሮች ሲያስረክብ፣ የሚታየው የምድር አስተዳደር ለእነርሱ፣ የማይታየው ነገር ሁሉ ደግሞ ለእርሱ እንዲሆን ስምምነት ተደርጓል፤ በምላሹም ታላቅ አዳራሽ ተሠርቶለታል። ማን ከማን እንደሚገናኝ፣ በየትኛው አጋጣሚ እንደሚተዋወቅ ማንም አስቀድሞ ሊያየው የማይችል በመሆኑ፣ እኛ ጽዋ ተርታ የምንለው ጉዳይ በማይታየው ድርሻ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ኢዙሞ የሚለመነው መገናኘት በወንድና በሴት መካከል ብቻ አይደለም፤ ወዳጅ፣ አሠሪ፣ መምህር፣ የንግድ ሸሪክ ሁሉ ይጠየቅበታል። የፍቅር መቅደስ የሚለው ስያሜ ለጎብኚ ማራኪ ቢሆንም ቦታውን ያጠብበዋል ብለን እናምናለን፤ እጮኛ ያለው ሰው እዚያ ሄዶ ምን ይለምናል ለሚሉም ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ዛሬ የሚታየው ዋናው ሕንፃ በ1744 የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። ጣራው በሂኖኪ ዛፍ ቅርፊት የተሸፈነ በመሆኑ በ60 ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይታደሳል፤ በመጨረሻው እድሳት ኦኩኒኑሺ በ2008 ወደ ጊዜያዊ ማደሪያ ተዛውሮ በሜይ 2013 ወደ ቦታው ተመልሷል። ጥንት ሕንፃው 48 ሜትር ይደርስ ነበር የሚለው የመቅደሱ ትውፊት ለረጅም ጊዜ እንደ ተረት ሲቆጠር ቆይቶ፣ በ2000 በተደረገ ቁፋሮ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሜትር በላይ ውፍረት ያላቸው ሱጊ የተባለ ዛፍ ሦስት ግንዶች በአንድ ላይ ታስረው እንደ አንድ ምሰሶ ያገለገሉበት ስፍራ ተገኘ። ምሰሶው የ13ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው፤ በውፍረቱ ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል። ቁመቱን በተመለከተ ክርክሩ ባይዘጋም፣ ከዚያ ወዲህ በትውፊቱ የሚስቅ ሰው አልተገኘም። ግንዶቹ የተገኙበት ቦታ በዋናው በር ፊት ለፊት ባለው ንጣፍ ላይ በሦስት ቀይ ክቦች ተመልክቷል፤ በክቦቹ ላይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ ሥዕሉ በራሱ ይመጣላችኋል። ምሰሶው ራሱ ከመቅደሱ አጠገብ በሚገኘው፣ በ2007 በተከፈተው የጥንታዊ ኢዙሞ ሙዚየም ይታያል።

ወደዚያ ለመድረስ ከቶኪዮ ፈጣን ባቡር ይዞ እስከ ኦካያማ፣ ከዚያም ያኩሞ በተባለው ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዞ ኢዙሞ ከተማ መድረስ ይቻላል። ሰንራይዝ ኢዙሞ የተባለው ባለ መኝታ ባቡር ደግሞ ማታ ከቶኪዮ ተነሥቶ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ያደርሳችኋል፤ ለእጮኛሞች እርሱን እንመርጣለን፤ ትኬቱ ግን ቶሎ የሚያልቅ ነው። አውሮፕላን ማረፊያውም ቢሆን ሰው ለሰው በሚያገናኘው ዕጣ ስም የተሰየመ ነው።

ጥያቄ፦ በጃፓን የምማር ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ኢዙሞ ለመሄድ አስቤያለሁ፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ከሌሎች መቅደሶች ይለያል ሲሉ ሰማሁ። እንዳልሳሳት ከመግቢያው እስከ መውጫው ምን ማድረግ እንደሚገባኝ ብታስረዱኝ?

መልስ፦ ይለያል የተባለው እውነት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከመቅደሱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቆ ወደሚገኘው ኢናሳ የባሕር ዳርቻ ይሂዱና ጥቂት አሸዋ በትንሽ ከረጢት ይያዙ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንነግርዎታለን። ብዙ ጎብኚዎች ይህን የሚሰሙት ጉብኝታቸውን ከጨረሱ በኋላ ስለሆነ በፀሐይም በዝናብም ወደ ባሕሩ ተመልሰው ሲባዝኑ ይታያሉ።

ከባሕሩ ተመልሰው ወደ መቅደሱ ሲያቀኑ፣ ቶሪ የሚባሉ አራት ትልልቅ በሮችን ያልፋሉ። የመጀመሪያው በ1915 በኮንክሪት የተሠራና 23 ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን፣ የመጨረሻው በ1666 የቆመ የመዳብ በር ነው። ከሁለተኛው በር በኋላ መንገዱ ወደ ታች ያዘነብላል፤ መቅደስ ሲባል ሽቅብ የሚወጡበት ነገር በሆነበት አገር ቁልቁል የሚወረድበት መግቢያ ብርቅ ነው። ቁልቁለቱን ጥቂት እንደወረዱ በስተቀኝዎ ትንሽ የመንጻት መቅደስ ያገኛሉ፤ ነዋሪዎች ሳያልፉ እዚያ ቆመው እጅ ይነሣሉ፤ ጎብኚው ግን ዓይኑ ፊት ለፊት ስለሚቀር ብዙውን ጊዜ ሳያየው ያልፈዋል። ከሦስተኛው በር ጀምሮ ያለው ባለ ጥድ መንገድ መሃሉ የሚረገጥ አይደለም፤ የጥዶቹ ሥር እንዳይጎዳ ሰው በግራና በቀኝ ጠርዝ በተሠራው መንገድ ይሄዳል።

ከአራተኛው በር በፊት ውሃ የሚፈስበት ገንዳ አለ። በቀኝ እጅ ጭልፋውን ይዘው ግራ እጅዎን፣ ከዚያም ጭልፋውን አዛውረው ቀኝ እጅዎን ይታጠቡ፤ ቀጥሎ በግራ መዳፍዎ ውሃ ተቀብለው አፍዎን ይጉመጥመጡ፤ ጭልፋውን በቀጥታ ወደ አፍ ማስጠጋት ነውር ነው። በመጨረሻም ግራ እጅዎን በድጋሚ ታጥበው ጭልፋውን ሽቅብ አቁመው በቀረው ውሃ መያዣውን ካጠቡ በኋላ ይመልሱት።

ዋናው ልዩነት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በአብዛኞቹ መቅደሶች ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ ይጨበጨባል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እጅ ይነሣል፤ በኢዙሞ ግን የሚጨበጨበው አራት ጊዜ ነው። ሜይ 14 በሚከበረው በታላቁ በዓል ደግሞ ስምንት ጊዜ ይሆናል። ሳንቲም መወርወር ከፈለጉ ብዙዎች አምስት የን ይመርጣሉ፤ አጠራሩ ከመልካም ትስስር ጋር ስለሚገጥም ነው እንጂ ሌላ ሕግ የለውም። ሲለምኑ ስምዎንና አድራሻዎን በልብ መናገር የተለመደ ነው፤ ጃፓናውያን ማን እንደመጣ ሳይናገሩ ልመና መጀመር ተገቢ አይመስላቸውም።

ከዋናው ሕንፃ ውስጥ ጎብኚ አይገባም፤ ልመናው የሚደርሰው ከበሩ ፊት ቆሞ ነው። ይሁንና በዚያ ተመልሰው እንዳይሄዱ። ሕንፃው ወደ ደቡብ ቢያይም ኦኩኒኑሺ ውስጥ የተቀመጠው ወደ ምዕራብ ፊቱን አድርጎ እንደሆነ ይታመናል፤ ስለሆነም አዋቂዎቹ አጥሩን ዞረው በምዕራብ በኩል በተዘጋጀው ስፍራ ፊት ለፊት እንደገና እጅ ይነሣሉ። ከሕንፃው ጀርባ፣ በተራራው ግርጌ፣ ሶጋ የተባለ መቅደስ አለ፤ ከኢናሳ ያመጡት አሸዋ የሚፈለገው እዚህ ነው። አሸዋውን በወለሉ ዙሪያ በተደረደሩት ሣጥኖች ውስጥ አፍስሰው በምትኩ እዚያ የደረቀውን ጥቂት አሸዋ ይወስዳሉ፤ ሰዎች በቤታቸው ግቢ አራት ማዕዘን ይበትኑታል።

ሲወጡ በምዕራብ በኩል ያለውን ካጉራደን የተባለውን አዳራሽ አይለፉት። በደጁ ላይ የተንጠለጠለው ከሩዝ ገለባ የተገመደ ገመድ 13 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመትና አምስት ቶን ያህል ክብደት አለው። ከሥሩ ቆመው ቀና ሲሉ የገለባው ጫፍ እንደ ተከረከመ የሣር ክዳን ተሰትሮ ይታያል፤ አዲስ በሆነበት ወቅት ደግሞ የሩዝ ማሳ ሽታ ይሸታል። ወደ ጫፉ ሳንቲም ወርውሮ መሰካት ዕድል ያመጣል የሚል ልማድ ነበር፤ ገመዱን የሚጎዳ፣ ወድቆም ሰው የሚመታ በመሆኑ መቅደሱ አይፈቅደውም፤ ሌላው ሲወረውር ቢያዩም አይከተሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ጃፓናዊት ሊያገባ ነው። ቤተሰቧ የኢዙሞ አካባቢ ሰዎች በመሆናቸው ሥርዓቱ በመቅደሱ እንዲፈጸም ጠይቀዋል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ልጄን በዚያ ቀን ብቻውን እንዳልተወውም፣ እምነቴንም እንዳልተላለፍ ጨንቆኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ በሃይማኖትዎ ረገድ የመጨረሻውን ቃል የንስሐ አባትዎ እንጂ ይህ ዓምድ ሊሰጥዎ አይችልም። እኛ የምንችለው እዚያ ምን እንደሚጠብቅዎ አስቀድመን ልንነግርዎት ነው።

ሥርዓቱ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅና ጸጥታ የሰፈነበት ነው። ካህኑ በነጭ ወረቀት ጉንጉን በእንግዶች ራስ ላይ እያወዛወዙ ያነጻሉ፤ ቀጥሎ የጋብቻውን ቃል በጥንታዊ ቋንቋ ያነብባሉ። ሙሽሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደሩ ሦስት ጽዋዎችን ይቀበላሉ፤ ከእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ እየተጎነጩ የሩዝ ጠጅ ይጠጣሉ። በመጨረሻ የሁለቱም ቤተሰብ አባላት አንድ ጽዋ አብረው ያነሣሉ፤ እርስዎን በቀጥታ የሚነካው ይህ ክፍል ነው። ጽዋውን ወደ ከንፈር አስጠግቶ ሳይጠጡ መመለስ የተለመደና ማንንም የማያስቀይም ነገር ነው፤ መጠጥ የማይቀምሱ ጃፓናውያንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሁሉም ተነሥቶ እጅ ሲነሣና ሲያጨበጭብ ደግሞ እርስዎ እጅዎን አጣምረው ቆመው ቢቆዩ የሚቆጣ አይኖርም። ሺንቶ እምነትህ ምንድን ነው ብሎ በር ላይ የሚያስቆም ሃይማኖት አይደለም፤ የአየርላንድና የግሪክ ተወላጁ ጸሐፊ ላፍካዲዮ ኸርን እንኳ በ1890 ወደ ዋናው ሕንፃ የመግባት ፈቃድ ያገኙ የመጀመሪያው ምዕራባዊ ሆነዋል።

ለጭንቀትዎ የሚረዳው ትልቁ ነገር ግን ሳይዘገዩ ከምራትዎ ቤተሰብ ጋር መነጋገር ነው። ልጅዎ ያስተርጉምልዎትና የቱን እንደሚያደርጉ፣ የቱን እንደማያደርጉ ከሠርጉ በፊት ይንገሯቸው። በዕለቱ በድንገት ከማፈግፈግ ይልቅ አስቀድሞ መናገር በእነርሱ ዘንድ ትልቅ አክብሮት ነው። ቦታው ለጃፓናውያን ምን ያህል የከበረ እንደሆነ ለመረዳት ያህል፣ በ2014 የንጉሣዊው ቤተሰብ አባል የነበሩት ልዕልት ኖሪኮ የመቅደሱን ሊቀ ካህናት የበኩር ልጅ ያገቡት እዚሁ ነበር።

ጥያቄ፦ አማልክት ሁሉ በኢዙሞ የሚሰበሰቡበት ወር አለ ይባላል። ያ ወር መቼ ነው? ለትዳር ልመናስ ከሌላው ጊዜ ይመረጣል?

መልስ፦ በጥንቱ የጨረቃ አቆጣጠር አሥረኛው ወር ነው፤ በአሁኑ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር ላይ ይውላል፤ አንዳንዴ ዲሴምበር ይገባል፤ በየዓመቱም ቀኑ ስለሚለዋወጥ መቅደሱ የሚያወጣውን መርሐ ግብር ማየት ግድ ነው። በሌላው የጃፓን ክፍል ወሩ አማልክት የሌሉበት ሲባል፣ በኢዙሞ ብቻ አማልክት ያሉበት ይባላል። በአሥረኛው ቀን ምሽት በኢናሳ ዳርቻ እሳት ይነድዳል፤ ካህናቱም ከባሕር የሚመጡትን አማልክት ተቀብለው ወደ መቅደሱ ያጅባሉ። መንገድ መሪው ዘንዶ መሰል እባብ ነው ተብሎ ይታመናል፤ በእርግጥም በዚያ ወቅት የሞቀው የባሕር ሞገድ የባሕር እባቦችን ወደ ዳርቻው ይገፋል። እንግዶቹ በዋናው ሕንፃ ግራና ቀኝ በተሠሩት ረጃጅም ማደሪያዎች ያርፋሉ፤ ለሰባት ቀናትም በሚቀጥለው ዓመት ማን ከማን እንደሚተሳሰር ይመካከራሉ ይባላል። በምክክሩ ቀናት የአካባቢው ሰዎች ዘፈን፣ ጭፈራና የግንባታ ሥራን የመተው ልማድ ነበራቸው።

ይመረጣል ወይ ለሚለው፣ የምሽቱን እሳት ማየት ለሚፈልግ አዎን። በእርጋታ መቆምና መለመን ለሚፈልግ ግን አይመስለንም፤ ሰዉ ብዙ ነው፣ ማደሪያ ከወራት በፊት ይያዛል፣ ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስም አጥንት ድረስ ይገባል። ማለዳ መሄድ ለሚችል ሰው ከበዓላቱ ውጭ ያለ ተራ የሥራ ቀን ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ያኤጋኪ መቅደስ ሄደን በኩሬው ላይ ሳንቲም የተቀመጠበት ወረቀት አንሳፍፈን ነበር። የእርሷ ወዲያው ሰመጠ፤ የእኔ ግን ርቆ ሄዶ በጣም ዘገየ። ከዚያ ወዲህ ትዳሬ ይዘገያል እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ ለሌሎች አንባቢያን እንዲገባ ያህል፣ ያኤጋኪ በማትሱዌ ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ ሱሳኖኦ የተባለው አምላክ ስምንት ራስ ካለው ዘንዶ ያዳናትን ልዕልት ኢናዳን ያገባበት ስፍራ ነው ይባላል፤ ኩሬው በጫካው ውስጥ በተሸሸገችበት ጊዜ እንደ መስተዋት ታይበት የነበረ ነው። ወረቀቱ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከሰመጠ ትዳር ቅርብ ነው፣ ከ30 ደቂቃ ካለፈ ይዘገያል፤ በቅርብ ከሰመጠ የትዳር አጋሩ የቅርብ ሰው፣ ርቆ ከሄደ የሩቅ አገር ሰው ነው የሚሉት የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

አሁን ግን ምን እንደተጠቀሙ ያስታውሱ። በወረቀቱ ላይ የሚቀመጠው አሥር ወይም መቶ የን ነው፤ አሥሩ 4.5 ግራም፣ መቶው 4.8 ግራም ይመዝናል። ሳንቲሙ መሃል ላይ ከተቀመጠ ወረቀቱ እኩል እየራሰ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ ወደ ጠርዝ ካጋደለ በአንድ ጎን ውሃ ገብቶ ቶሎ ይወስደዋል። ጓደኛዎ ቸኩላ አስቀምጣ፣ እርስዎ ተጠንቅቀው አስቀምጠው ከሆነ ውጤቱ ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም ነበር። ርቆ መሄዱም የነፋስ ሥራ ነው። በኩሬው ዳር የሚቆሙት ልጃገረዶች አብዛኞቹ እየተሳሳቁ ነው የሚጠብቁት፤ ነገሩ ለዚያ የተሠራ ጨዋታ ነውና እርስዎም በዚያው ልክ ይውሰዱት። ሌላ ቀን ከሄዱ ሳንቲሙን ወደ ጠርዝ ጠጋ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ከኢዙሞ የገዛሁትን የትዳር ክታብ ይዤ አንድ ዓመት አለፈኝ። እስከ መቼ ልያዘው? አሮጌውንስ መጣል ይቻላል?

መልስ፦ በተለምዶ ክታብ አንድ ዓመት ይያዛል። ከዚያ በኋላ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይገባም፤ ወደ መቅደሱ ተመልሶ ለአሮጌ ክታቦች በተዘጋጀው ቦታ ይቀመጣል፤ ካህናቱም በሥርዓት ያቃጥሉታል። በተለይ በአዲስ ዓመት ሰሞን ሰዉ የአሮጌውን መልሶ አዲስ ይወስዳል። ኢዙሞ ድረስ መሄድ ካልቻሉ በፖስታ ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በአቅራቢያዎ ያለ ሌላ የሺንቶ መቅደስም ሊቀበልዎ ይችላል፤ ሁሉም ግን የሌላውን ስለማይወስድ ከማስቀመጥዎ በፊት በቢሮው መስኮት ጠይቀው ያረጋግጡ። በጽሑፍዎ ላይ እስካሁን ያሰብኩት አልሆነም ብለዋልና፣ ክታቡን መመለስ ልመናን መሰረዝ ተደርጎ አይቆጠርም፤ አዲስ ወስደው መቀጠል ይችላሉ።